የነሐሴ ቅናሽ

አካም ቡልተን፣ እትዬ ወለተሐና? ናጋ? ኑ እስቲ፣ እዚህ አጠገቤ አረፍ ይበሉ። ያኛው ወንበር ላይ አይቀመጡ፣ እግሩ ላልቷል፤ ባለፈው የስፖርት መምህሩን ጥሎታል። ሻይ ይምጣልዎት? ይሄ ሰማይ ደግሞ ዘንድሮ ምን ነካው… ጠዋት ጠዋት ይጠቁርና ጃንጥላ ያስይዘናል፣ ቀትር ላይ ጠብ ሳይል ይበተናል። እዚያ ሜጋ ከተማም ሐምሌን እንዲሁ ነው አይደል የምትከርሙት? ወደኛ ከተዛወሩ ወዲህ ትንሽ ፊትዎ ወዛ ብሏል። ልጆቹስ? ሁለቱም ክፍል አለፉ አሉ! እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት።

እጅዎ ላይ ያለው ምንድን ነው… አሃ፣ የጉዞው ቅጽ። ሐይቁ ዳር ወደተከፈተው መጫወቻ፣ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ከነልጁ፣ ሦስት ቀን። አምና እኔም ሞልቼዋለሁ። በዚህ በኩል መግቢያና ማደሪያ፣ በዚያ በኩል አስቀድሞ የሚከፈል የምግብ ፓኬጅ፣ ከታች ፊርማ። እስከ ምሳ ሰዓት ተሞልቶ ይመለስ ተብሏል። አንቱም የያዙት ገንዘብ፣ ምግቡን ከገዙ አንዷን ልጅ ብቻ ነው የሚያደርሰው፤ ምግቡን ከተዉት ሁለቱም ይሄዳሉ። ሁለቱም ደግሞ የዋና ልብሳቸውን ለብሰው ቤት ውስጥ ሲዞሩ ነው የሚውሉት አሉ… እና «ኮከብ፣ ይሄ ፓኬጅ ያዋጣል ወይ?» ይሉኛል። እኔ ንብረት ክፍል ተቀምጬ ጠመኔ የማድል ሴት ምን አውቃለሁ? የሚያውቅ ነው መጠየቅ።

የሚያውቅ ደግሞ አለ። አንድ ደግ ሰው አሉ… ስማቸውን አልጠራም። ደግነታቸውን በስውር ነው የሚሠሩት፣ ብጠራቸው ይቀየሙኛል። ይሄን ጉዞ በየዓመቱ የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። ማን አስገደዳቸው? ማንም! እንዲያው ለእኛ ሲሉ። ምነው፣ ጮክ ብዬ ነው እንዴ የማወራው? ምን ላድርግ፣ የዚህ ክበብ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ድምፅ ያስተጋባል፤ መስኮቱ ጋ ለተቀመጡት ለጋሼም ይሰማል። ይጠጡ ጋሼ፣ ሻይዎ ይቀዘቅዛል። የሴት ወሬ ነው፣ ሌላ ሰው ነው የምናነሳው።

አምና እኚያ ደግ ሰው ስብሰባ ላይ ብድግ ብለው፣ «እዚያ ሄዳችሁ በየሰዓቱ ኪሳችሁን ከምትዳብሱ፣ አንዴ ከፍላችሁ ሦስት ቀን እንደ ንጉሥ ብሉ» አሉን። ፓኬጁንም ከየትም ፈልገው በግማሽ ዋጋ አገኙልን። ግማሽ! በቀን ሦስት ጊዜ ቡፌ፣ ጥብሱ፣ ዶሮው፣ እርጎው፣ አይስክሬሙ። እኛም እልል ብለን ፈረምን። ለምን ግማሽ ሆነ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ከነሐሴ ሦስት እስከ አምስት እኮ ነው፣ እትዬ! ፍልሰታ! ሕፃን በሚጾምበት ሳምንት የሥጋ ቡፌ ቢረክስ ምን ይገርማል? ባለ መጫወቻው ያን ሁሉ ዶሮ ለማን ያብላው? ቀኑን የመረጡት ደግሞ… ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ቢጠፋ የጾሙን ቀን የምንጠይቀው እሳቸውን ነው። እንዴት ዘነጉት? ሰው ናቸዋ። ለስንቱ ያስቡ?

ለራሳቸው ምን ተረፋቸው እንዳይሉኝ። ምንም! ሃያ ሰው ላስመዘገበ አንድ ፓኬጅ በነጻ ይሰጣል፣ እሷን ብቻ ነው የወሰዱት። እኛ ስልሳ ነበርን፤ እንግዲህ ሦስቷን ብቻ።

ምግብ የገዛ ሁሉ እጁ ላይ ቀይ ላስቲክ ይታሰርለታል፣ ላስቲክ የሌለው የምግብ አዳራሹን በር አያልፍም። የመጀመሪያው ቀን እንደ ምንም አለፈ። ጥግ ላይ ለጿሚ የተዘጋጀች አንዲት ጠረጴዛ ነበረች… ሩዝ፣ ቅቅል ድንች፣ ሰላጣ፣ ዳቦ። የጥብሱን ዋጋ ከፍለን ድንች በላን፣ ምን አለበት፣ ለሰውነት ጥሩ ነው። በማግስቱ ልጆቹ ዋና ሊገቡ ሲሉ እኚያ ሰው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ላስቲኩ ውሃ ውስጥ ይወልቅና ይጠፋባችኋል፣ እኔ ልያዝላችሁ።» ያዩልኛል እትዬ? የወለደች እናት ያላሰበችውን! ልጆቹም እየተሽቀዳደሙ ሰጧቸው። የኔዋ ቤተልሄምም ሰጠች። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ጾም የያዘችው አምና ነው፤ ማንም አላዘዛትም፣ ራሷ ናት «እኔም» ያለች።

ቀትር ላይ የእኚያ ደግ ሰው የእህታቸው ልጆች ከተልተሌ ደረሱ። አምስት ጎረምሶች! እንዲያው በአጋጣሚ… በዚያ ሲያልፉ። አምስቱም ቀይ ላስቲክ አስረው ተሰልፈው አዳራሽ ገቡ። ከየት አመጡት? እኔ ምን አውቄ! ለደግ ሰው ከሰማይ ይወርድለታል መሰለኝ።

እኔ ራሴን አሞኝ ማደሪያው ውስጥ ተኝቻለሁ። የኔዋ ከውሃው ወጥታ፣ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ ድንቿን ልትበላ በሩ ላይ ትደርሳለች። «ላስቲክሽስ?» አሏት በረኞቹ። የለም። መለሷት። ልጅ ናት፣ ለማን እንደሰጠች ታውቃለች፣ ዞራ በመስኮት ጠራቻቸው። እሳቸው እንግዲህ… ጨጓራ አለባቸው፣ ሐኪም ጾም ከልክሏቸዋል፣ ይሄን አገር ያውቃል። በሚጥሚጣ የተለወሰ የጎድን ጥብስ ለጨጓራ እንደሚታዘዝ ግን ያን ለት ነው የሰማሁት። ጎድኗን እንደያዙ ቀና አሉና፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብትጾሚ በረከቱ ይበዛልሻል» አሏት። የአዳራሹ ምሳ የሚዘጋው ስምንት ተኩል ላይ ነው።

እንዲህ ያለ መካሪ አሁን የት ይገኛል? ሌላው ቢሆን ደንግጦ ላስቲኳን ይመልስላት ነበር፣ ነፍሷን ሳያስብላት!

የሒሳብ መምህራችንን ዳዳቻን ደግሞ ይመልከቱልኝ። ጴንጤ ነው፣ የኛን ጾም አይጾምም፣ ጥብሱን ከፍሎበታል፣ ማን ይከለክለዋል? ግን ልጆቹ አይተው እንዳያምራቸው ሳህኑን ይዞ ከአውቶቡሱ ጀርባ ነበር የሚበላው። ልጄን ደረጃው ላይ እግሯን አቅፋ ተቀምጣ ሲያያት ሳህኑን እዚያው ጥሎ አስፋልት ድረስ ሄደና ዘጠኝ ሰዓት ሲል ዳቦና ሙዝ ገዝቶ መጣ። የከፈለው እኮ እዚህ ነገሌ ሁለት ጀሪካን ውሃ አይገዛም። ምን ያደርጋል፣ ወግ አያውቅም፤ ስለ በረከት አንዲት ቃል ሳይነግራት ዝም ብሎ አበላት።

ስንመለስ አውቶቡስ ላይ፣ አዶላን እንዳለፍን፣ «እማዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቆየሁ እኮ፤ በረከቱ መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ሰሞኑን ደግሞ ፍልሰታ እየደረሰ ነው፣ ትጾሚያለሽ ወይ ስላት፣ «ጋሼ ከጾሙ» አለችኝ። እትዬ፣ እዚህ ላይስ አልቀልድም። አንጀቴ ነው ቅጥል ያለው። እኔ ሳላዝዛት የያዘችውን ጾም፣ ሌላ ሰው በጥብሱ ፈታባት። ከሰው ፊት አላለቀስኩም፤ ንብረት ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት።

ተዉት፣ የኔን ነገር። ምን ነበር ጥያቄዎ… ያዋጣል ወይ? ኧረ በጣም ያዋጣል! ለማን እንደሚያዋጣ ነው ማየት። ዘንድሮም ቅናሽ አለ ተብሏል። ቀኑን አይተውታል? ነሐሴ አራት። ዘንድሮም ዘነጉት፣ የኔ ጌታ።

አይግዙ አላልኩም፣ ምላሴን ይቁረጠው! ምግቡን ቢገዙ ታላቂቱ ትሄዳለች፤ ታናሺቱ በር ላይ እያለቀሰች ትሸኛታለች። የታላቂቱን ላስቲክም የሚይዙላት ደግ ሰው አሉ፣ ስለሱ አያስቡ። ምግቡን ቢተዉት ግን… ሁለቱም ይሄዳሉ። ዳቦ ይጋግሩላቸዋል፣ በሶ እና ለውዝ ይቋጥሩላቸዋል፣ ከዛፉ ሥር ከእኔና ከልጄ ጋር ይበላሉ። እኔ ዘንድሮ የሞላሁት እንደዚያ ነው። ዳዳቻም ሙዙን እኔ አመጣለሁ ብሏል። ላስቲክ የለ፣ አደራ ጠባቂ የለ፣ እንዲሁ እንደ ተራ ሰው በልተን እንመለሳለን።

ምን ጻፉ… ሁለት ልጅ፣ መግቢያና ማደሪያ። የምግቡን ባዶ ተዉት? አንቱ ያወቁት ነው እንግዲህ፣ እኔ የለሁበትም።

ጋሼ፣ የእትዬን ቅጽ ይቀበሏቸው እስቲ… ምነው ተነሱ? ሻይዎን ሳይጨርሱ? በዚህ ብርድ ላብ በላብ ሆነዋል እኮ! ቆይ፣ በሩ ላይ አንድ ጊዜ ይቁሙልኝና አሜን ይበሉ፤ ያን ደግ ሰው ልመርቃቸው ነው።

እግዜር ጨጓራቸውን ይማርላቸው። ፀጉራቸው ጥጥ እስኪሆን ያኑርልን። እጃቸው ተንቀጥቅጦ ማንኪያ መያዝ ሲያቅታቸው፣ አፋቸውን ከፍተው ከሰው እጅ ሲጠብቁ፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ደግ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ያጉርሳቸው።