በየቅዳሜው

ኮልፌ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፦ የማታ ሕግ ተማሪው ናሁሰናይ፣ ከአራት ዓመት በፊት የተለያት የልጁ እናት ወይንሸት ስፌት ቤት ገብቶ፣ ልምምድ ለወጣበት ማኅበር የሚያቀርበውን ወረቀት ፈርሚልኝ እያላት ነው።

ወይንሸት፦ አልፈርምም አልኩህ እኮ። እጅህን ከጨርቁ ላይ አንሳልኝ፣ የሰው ዩኒፎርም ነው።

ናሁሰናይ፦ አንብቢውና እንቢ በዪኝ። ሦስት መስመር ናት።

ወይንሸት፦ አነበብኳት። «ናሁሰናይ ልጃችንን ሐመልማልን በየቅዳሜው እየመጣ ያያታል» ትላለች። የትኛው ናሁሰናይ ነው? እስቲ አስተዋውቀኝ።

ናሁሰናይ፦ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ ሰው ይሰማል።

ወይንሸት፦ ሰው እንዳይሰማብህ የምትፈራውን ይዘህ ነው ፓርላማ የምትገባው?

ናሁሰናይ፦ ፈልጌ መሰለሽ? ልምምድ የወጣሁበት ማኅበር፣ ወላጆቻቸው ለተለያዩባቸው ልጆች ሕጉ እንዲሻሻል ነው የሚሟገተው። ረቂቁ ላይ ሦስት ወር ሙሉ ለፍቻለሁ። ማክሰኞ የፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ በረቂቁ ላይ ሕዝብ ያወያያል። ኃላፊዋ ወይዘሮ ድንበሯ «አንተ ራስህ አባት ነህ፣ አንተ ተናገር፤ የእናትየዋን ቃል ግን በጽሑፍ አምጣ» አሉኝ።

ወይንሸት፦ ቅዳሜን ማን ነገራቸው?

ናሁሰናይ፦ እኔ። ልምምዱን ልጀምር ስል «ልጅህን ታያታለህ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «አላያትም» ማለት አቃተኝ። «በየቅዳሜው» አልኩ። አምልጦኝ ነው።

ወይንሸት፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ያንተው ግን ሦስት ወር አዘለቀህ።

ናሁሰናይ፦ በዪ፣ የልብሽን ተናገሪ።

ወይንሸት፦ ረቂቃችሁ ምን ይላል?

ናሁሰናይ፦ አብሮት የማይኖረውን ወላጁን ማየት የልጁ መብት ነው፤ ልጁን ደብቆ የሚከለክል ወላጅ ይጠየቅ ይላል።

ወይንሸት፦ እኔ ከልክዬህ አውቃለሁ?

ናሁሰናይ፦ አታውቂም።

ወይንሸት፦ ማንም ሳይከለክለው የቀረውስ? እሱ ስንተኛው አንቀጽ ላይ ነው ያለው?

ናሁሰናይ፦ ስለ እሱ አንቀጽ የለም።

ወይንሸት፦ ያን ክፍል ማን ነው የጻፈው?

ናሁሰናይ፦ እኔ ነኝ።

ወይንሸት፦ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች። ሐመልማል ስንተኛ ክፍል ናት?

ናሁሰናይ፦ ሁለተኛ።

ወይንሸት፦ ሦስተኛ።

ናሁሰናይ፦ ወይኑ፣ ጠልቻት አይደለም። ሥራ የፈታሁ ጊዜ ባዶ እጄን መምጣት አፈርኩና አንድ ቅዳሜ ቀረሁ። በሚቀጥለው፣ ያለፈውን ምን ብዬ ላስረዳት ብዬ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ሥራም አገኘሁ፣ የቀረሁት ብዛቱ ራሱ መንገዱን ዘጋብኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ሞላኝ።

ወይንሸት፦ እሷ በቀረህበት ዓመት እስከ ፋሲካ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋን አጥልቃ እዚያች በርጩማ ላይ ትቀመጥ ነበር። እንደማትመጣ እኔ አልነገርኳትም። አንድ ቀን ራሷ ጫማዋን አውልቃ አልጋ ሥር ከተተችው።

ናሁሰናይ፦ ለምን አልደወልሽልኝም?

ወይንሸት፦ አባትን ልጅህን እያት ብሎ መለመን ያሳፍራል። እኔም አፈርኩ።

ናሁሰናይ፦ ወረቀቱን መልሺልኝ። ማክሰኞ አልሄድም፤ አሞኛል እላቸዋለሁ።

ወይንሸት፦ እሱም መቅረት ነው። መቅረትማ ለምደኸዋል።

ናሁሰናይ፦ ታዲያ ምን ልበላቸው?

ወይንሸት፦ አሁን ለእኔ ያልከውን። ማንም እንዳልከለከለህ ንገራቸው።

ናሁሰናይ፦ ዋሽተሃል ብለው ቢያባርሩኝስ? ልምምዱን ካልጨረስኩ ምረቃም የለኝ።

ወይንሸት፦ ያባርሩህ ይሆናል። እኔ በልጄ ላይ አልፈርምም።

ናሁሰናይ፦ እሺ። ነገ ጠዋት ለወይዘሮ ድንበሯ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

ወይንሸት፦ የነገውን ተወው። ያቻትልህ፣ ከትምህርት ቤት መጣች፤ አስፋልቱ ጋ ቆማለች።

ናሁሰናይ፦ ወይንሸት... አራት ልጆች ናቸው፣ ሁሉም ዩኒፎርም ለብሰዋል። የትኛዋ ናት?

ወይንሸት፦ አረንጓዴ ቦርሳ ያዘለችው። ሂድ፣ አሻግራት። ማን እንደሆንክ ግን እኔ አልነግርልህም።