መንገደኛዋ እቤት ናት

ሰፈሩ «ጋሽ መቀስ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ የሱቃቸውን በር ከፍተው፣ ገና በመርፌው ክር ሳያስገቡ፣ ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ከነዱቄቷ ብቅ አለች። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው የስፌት መኪናውን በባዶው ይረግጡት ጀመር።

«ያቺ ጓደኛዬ ከመንገድ አልተመለሰችም? ምነው እንዲህ ጨከነችብኝ!»

«ኧረ ገና ናት፤ ዘመድ ይዟት ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

መንገድ ሄደች የተባለችው እህታቸው ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል መጋረጃ ተጋርዶባት ተኝታለች። ካንሰር ይዟታል። ጋሽ መቀስ ግን በሽታውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። ታዲያ ክፉ ሰው ናቸው ብላችሁ እንዳትፈርዱባቸው። ሐኪም ቤት የሚያመላልሷት፣ ትራሷን የሚያገላብጡላት እሳቸው ናቸው። ብቻ ሰው አፍ እንዳትገባ ፈሩ። መኪናውን የሚያስጮሁትም እሷ ወሬውን እንዳትሰማው ነው።

ጋጋሪዋ እንደወጣች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህታቸው ልጅ ገብታ አንድ ሰፊ ካናቴራ ዘረጋችላቸው።

«ጋሼ፣ ጎኑን ያጥብቡልኝ። እሁድ ለካንሰር ሕሙማን መርጃ የእግር ጉዞ አለ።»

ቢገለብጡት ጀርባው ላይ «ለእናቴ እራመዳለሁ» ይላል።

«አብደሻል? እኔ ይህን ሁሉ ወር የሸፈንኩትን አንቺ በጀርባሽ ተሸክመሽ ልታዞሪው ነው?»

«ምን ያሳፍራል ጋሼ? ሰርቃ አይደለም፤ ታማ ነው።»

«ሰው ክፉ ነው ልጄ! አለቀላት ብለው በቁሟ ያለቅሱላታል። ይተላለፋል ብለው ከብርጭቆዋ የሚሸሹም አይጠፉም። ደግሞስ እናንተ በእግራችሁ ስትዞሩ እሷ ልትድን ነው?»

«መራመዱስ አያድንም፤ እውነትዎን ነው። የሚዋጣው ግን መድኃኒት መግዣ ላጡት ይደርሳል። ደግሞ ነገሩ በግልጽ ሲወራ፣ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ቶሎ ትመረመራለች። እማዬ ደብቃ የቆየችው ለምን ይመስልዎታል? እሷም ሰው ምን ይለኛል ብላ ነው።»

ነገሩ ገባቸው፤ ቢሆንም ጋሽ መቀስ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። መቀሳቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ።

«አፍ እንኳ አላነሰሽም! እሷስ? ስሟ አደባባይ ሲወጣ ደስ ይላታል?»

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ማክሰኞ ሕክምና አልሄድም ብላለች።»

«ምን?»

«‹ዕድሜዬን ሙሉ አብሬያቸው የኖርኩ ጎረቤቶች አንዳቸውም አልጠየቁኝም› አለችኝ። ‹ጋጋሪዋ እንኳ ጠዋት ጠዋት ድምፅዋ ይሰማኛል፤ መኪናው እየጮኸ ምን እንደምትል አይለየኝም እንጂ። አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጣ እንዴት አደርሽ አላለችኝም። እንዲህ ከተረሳሁ ለማን ብዬ ነው የምሠቃየው?› አለችኝ። እርስዎ መንገድ ሄደች ማለትዎን እንዴት አድርጌ ልንገራት?»

ጋሽ መቀስ ክው አሉ። እህታቸውን ከሰው ወሬ ሊያድኗት ብለው ከሰው ለይተዋት ኖሯል! ዓይናቸውን በካናቴራው እጅጌ ጠረጉና እየተደናቀፉ ወደ በሩ ወጡ።

«አንቺ! ነይማ!» ብለው ጋጋሪዋን ተጣሩ። «ዋሽቼሻለሁ። መንገድ አልሄደችም። ካንሰር ይዟት እዚሁ ተኝታለች።»

«ምን አሉኝ? እዚሁ ሆና? አይ ጋሼ! አይ ጋሼ!» እያለች መጋረጃውን ገልጣ ገባች። መጀመሪያ ለቅሶ ተሰማ፤ ቀጥሎ ቁጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ከዚያ ክፍል ከጠፋ የሰነበተ ሳቅ። ጋሽ መቀስ መኪናውን አልረገጡም። ቁጭ ብለው አዳመጡ።

«ለእኔስ ልክ ይገኛል?» አሉ በመጨረሻ፣ ካናቴራውን እያዩ።

ማክሰኞ እህታቸው ጋጋሪዋን ተደግፋ ወደ ሕክምናዋ ሄደች። ጎረቤቱ ተራ ገብቶ ይጠይቃት ጀመር፤ ሾርባ የሚያመጣም፣ ሐሜት የሚያመጣም አለ፤ ለእሷ ሁለቱም መድኃኒት ሆነዋታል። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ዝም ብላ የከረመች አንዲት ጎረቤትም ከእሷ ሰምታ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ጊዜው አላለፈም ተባለች። መደበቅ ይህን ሁሉ ከልክሎ ነበር።

እሁድ ጉዞው ላይ ጋሽ መቀስ እያለከለኩ ሲራመዱ፣ አንድ የድሮ ደንበኛቸው አያቸውና ጠጋ አለ።

«ለማን ነው የሚራመዱት ጋሼ?»

«ለእህቴ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «ካንሰር ይዟት ነው። ብቅ ብለህ ጠይቃት፤ እቤት ናት።»