የልጄ ዳኛ የማን ነው

ከኦክላንድ ወደ ኮንኮርድ በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ ከፊቴ ያሉት እናት አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት በስልክ አማርኛ ሲያወራ ሰምተው ኖሮ፣ የዜግነት ፈተና ማጥኛ መጽሐፋቸውን ሰጡት።

«ሐሙስ ነው ፈተናዬ። እስቲ ጠይቀኝ።»

«እሺ። ሦስቱ የመንግሥት ክንፎች ምን ምን ናቸው?»

«ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ፍርድ ቤት።»

«አንዱ ክንፍ ከልክ በላይ ጉልበት እንዳያገኝ የሚከለክለውስ?»

«ቼክስ ኤንድ ባላንስስ። አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል።»

«ያልፋሉ፣ እማማ።»

«ይህን ሳጠና ነው ልጄን ያደፋፈርኩት። ኢሚግሬሽን ኮርት አልቀርብም፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ይይዙኛል ሲለኝ፣ ዳኛው ከእነሱ የተለየ ነው፣ ሱፍህን ልበስና ቅረብ አልኩት።»

«ቀረበ?»

«ቀረበ። ዳኛው ዲፖርት ይደረግ፣ ካገር ይውጣ ብሎ ፈረደ። ከዚያው ይዘውት ሄዱ።»

ወጣቱ መጽሐፉን ዘጋው።

«ምነው?»

«እማማ፣ የኢሚግሬሽን ዳኛ እኮ ከፍርድ ቤቱ ክንፍ አይደለም። የአስፈጻሚው ሠራተኛ ነው።»

«ልጄን የከሰሰውስ ጠበቃ?»

«እሱም የአስፈጻሚው ነው።»

«ሁለቱም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው?»

«አዎ።»

«ወላሂ፣ እዚህ መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም።»

«አልተጻፈም።»

«ታዲያ ሐሙስ አስፈጻሚውን ማን ይቆጣጠረዋል ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ያው ያጠኑትን ይበሉ።»

እኔም ዜግነቴን ያገኘሁት ያንኑ መልሼ ነበርና፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።