አባቱን ሊያይ የሚበር ልጅ

ከወልድያ ወደ ኮምቦልቻ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ሕፃን ያቀፈች ወጣትና አንድ አዛውንት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

«ይህን ጨቅላ ይዘሽ ወዴት ነሽ ልጄ?» አሉ አዛውንቱ።

«አዲስ አበባ፣ አባባ። ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ነው የምንሄደው።»

«በአውሮፕላን! ከዚህ በፊት ሄደሽበታል?»

«ለእሱም ለእኔም የመጀመሪያችን ነው።»

«ምነው፣ በመኪና አይሻልም?»

«ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ቀን ሙሉ መንገድ ይከብደዋል። አባቱ ከመወለዱ በፊት ለሥራ እዚያ ሄዶ ነበር፤ አሁን እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። ልጁን እስካሁን አላየውም።»

«እግዜር ይማርልሽ። ግን አውሮፕላን የሕፃን ጆሮ ያሳምማል ይላሉ።»

«የጤና ጣቢያችን ነርስ ነግራኛለች። ሲነሳና ሲያርፍ አጠባዋለሁ፤ ሲውጥ ይቀለዋል።»

ስሪንቃ አካባቢ ሚኒባሱ ሲነጥር ሕፃኑ አለቀሰ። ጡቷን ሰጠችው፤ ወዲያው ዝም አለ።

«አዩ አይደል፣ አባባ?»

«እሱስ እሺ። አንቺ ራስሽ ብትፈሪስ?»

«እኔ ከፈራሁ እሱ ማንን ይይዛል?»

አዛውንቱ ሳቁ። «ጎበዝ! ስሙን ማን አልሽው?»

«የክርስትና ስም አለው። የቤቱን ስም ግን አባቱ አይቶት ያውጣለት ብዬ ተውኩት።»

መርሳ ላይ ወርጄ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ለዚያ ለማላውቀው ልጅ በልቤ ስም እየመረጥኩ ነበር።