በቅሎ ያስቀረ ይሉኝታ

በጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ ጅሉ ከወረታ ሐሙሲት እሄዳለሁ ብዬ ደብረ ታቦር የሚወጣው ካሚዮን ላይ ተሳፈርኩ፤ ስሕተቴ ሲገባኝም «አውርዱኝ» ማለት አፈርኩ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ ጣሊያኖች ማድቤት ለሚሠራ ጎልማሳ ችግራቸውን ያወራሉ።

«የወሰዱብኝን በቅሎ ልለምን ብሄድ፣ ጣሊያኑ ሹም ልጓሟን ዘረጋልኝና ‹ፕሬጎ› አለኝ።»

«እንኩ ማለቱ ነዋ!»

«ገብቶኛል። እጄን አወዛውዤ ‹ኧረ ግዴለም፣ ትቅር› አልኩት።»

«ምነው አባቴ?»

«ሰው ባንድ ቃል ይቀበላል? በሞቴ እስኪለኝ ጠበቅሁ። እሱ መልሶ አሰራት! ያለ እሷ እህሌን ማን ገበያ ያደርስልኛል? ዛሬም ልለምነው መሄዴ ነው።»

«ጣሊያን በሞቴ አያውቅም። ዛሬ ‹ፕሬጎ› ሲልዎት ልጓሟን ለቀም ያድርጉ።»

«ቃሉ መች አንድ ሆነ! ስገባ ግባ ነበር፤ ስቆም ተቀመጥ፤ እጅ ስነሳ ምንም አይደል። ዛሬ ውጣ ቢሆንስ?»

«ታዲያ ከነበቅሎዎ ይውጡ!»

ሽማግሌው እየሳቁ ከቋጠሩት ቆሎ «እንካ» ሲሉኝ ሳላስለምን እጄን ዘረጋሁ፤ ያ እፍኝ ቆሎ እስከ ዛሬ ዕዳዬ ነው።