ከእሁድ በኋላ የሚገዛ ፓወር ሰፕላይ

በፈረንጅ አገር፣ ዳንዳስ ስትሪትካር በሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ሁለት ሐበሾች አማርኛ የሚሰማ የለም ብለው ከኋላዬ ይጯጯሃሉ።

«አዲሱን ግራፊክስ ካርድ ከገጠምኩ ወዲህ፣ ጌም ስታርት ሳደርግ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል።»

«ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሰፕላይህ ስንት ዋት ነው?»

«ሦስት መቶ።»

«ለአንድ ሰው የተሠራ ምሳ ለአራት አቀረብክ በለኛ! አምስት መቶ ያስፈልግሃል። ና፣ አሁኑኑ ወርደን እንግዛ።»

«ከእሁድ በኋላ።»

«ደግሞ እሁድ ምን አለ?»

«ባለቤቴ ጌም እንድተው ለማርያም ጥላ ተስላ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ስለቴ ደረሰ ብላ እልል አለች። እሁድ ጥላውን ልታስገባ ነው።»

«አንተስ ዝም አልክ?»

«ምን ልበላት? ማርያም ሳትሆን ዋት አንሶት ነው ልበል?»

«ከእሁድ በኋላ ሲሠራስ?»

«ያኔ በሰይጣን እናሳብባለን።»

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ጥላ ሲዘረጋ ባየሁ ቁጥር፣ ስንት ዋት ይሆን እላለሁ በልቤ።