በመቀስ የተስተካከለው ቴምብር

ከፉሪ በተሳፈርኩበት ታክሲ ባልና ሚስት ከፊቴ ተቀምጠው ያወራሉ። ባልየው የአባቱን ሁለት የድሮ ቴምብሮች በፖስታ ይዟል።

«ሁለቱም አንድ ናቸው እኮ!» አለችው።

«የሚለዩት በጠርዛቸው ነው። የጠርዙ ጥርስ ሰፋ ሰፋ ያለው ነው ብርቁ። የቴምብር አዋቂው ለክቶ ይነግረናል፤ ከአባዬ ጋር ቤት ሆኖ እየጠበቀን ነው።»

«ጠርዛቸው?»

«ምነው ደነገጥሽ?»

«የአንዱ ጫፍ ተዘነጣጥሎ አላምር ቢለኝ...»

«እና?»

«ትናንት በመቀስ ከርከም አደረግኩት።»

«ኧረ በማርያም! እስቲ ያልነካሽውን ልየው... ይሄ ጥርሱ ደቃቅ ነው።»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ?»

«ምኑ ነው ጥሩ? ብርቁን ነው የከረከምሽው!»

ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ ነው።»

«በናትህ አታንሳው!»

መውረጃዬ መካኒሳ አቦ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።